ካን አካዳሚ ለቤት ውስጥ ትምህርት፦ ልጅን ከክፍል ወደ ክፍል ለማዘዋወር ምን ያህል ይመቻል?

ቤት የሚማር ልጅ በሁሉም ትምህርት እኩል አይራመድም። በንባብ ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በሂሳብ ሁለተኛ ክፍል ላይ ሊዘገይ ይችላል፤ በዚያው በሂሳብ ውስጥ እንኳ ማባዛት ገብቶት መቀነስ ያስቸግረው ይሆናል። ስለዚህ ለትንሽ ልጅ ማስተማሪያ ስንመርጥ ከቪዲዮው ውበት በፊት ማየት ያለብን ይህን መዘዋወር መቻሉን ነው። ካን አካዳሚ የተባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ በዚህ ረገድ ለሂሳብ በጣም ጥሩ፣ ለንባብ መካከለኛ ነው። የእጅ ጽሕፈትንና ድርሰትን ግን ከእሱ አትጠብቁ።

አገልግሎቱ ሁለት ነው፣ የልጆች አፕና ዋናው ድረ ገጽ፤ ሁለቱም በነጻና ያለ ማስታወቂያ የሚሠሩ ናቸው። ካን አካዳሚ ኪድስ የተባለው አፕ ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው። ልጁ ሲከፍተው አፕ ራሱ ከፊደል ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ ተረት እያፈራረቀ ይወስደዋል። ልጁ እንዳይሰለች ይረዳል፤ አንድ ነገር ላይ ለመቆየት ግን አይመችም። ዛሬ መቀነስ ብቻ ይሥራ ካላችሁ ላይብረሪ የሚለውን ከፍታችሁ ትምህርቱንና ክፍሉን ራሳችሁ ምረጡ።

አስቸጋሪው ከዚህ አፕ ወደ ዋናው ድረ ገጽ የሚሻገሩበት ጊዜ ነው። አፑ መመሪያውን በድምፅ ይናገራል፤ ድረ ገጹ ላይ ግን ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄውን ራሱ በእንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት አለበት። ሂሳብ የሚችል ልጅ እዚህ ላይ በድንገት የማይችል ይመስላል። ክፍሉን ዝቅ ከማድረጋችሁ በፊት የተሳሳተውን ጥያቄ ምንም ሳታብራሩ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ሲነበብለት ከመለሰ ችግሩ ንባብ ነው፤ ሂሳቡን ባለበት ተዉት።

ድረ ገጹ ላይ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አካውንት የሚከፍተው ወላጅ ነው። የሁለተኛ ክፍል ሂሳብንና የሦስተኛ ክፍል ንባብን አንድ ላይ መጨመር ይቻላል፤ አንዱን ምዕራፍ ሳይጨርሱ ሌላውን ለመክፈትም የሚከለክል የለም። ውጤቱን በደረጃ ያሳያል። በአንድ መልመጃ 70 በመቶ ያገኘ ፋሚሊያር፣ ሁሉንም የመለሰ ፕሮፊሸንት ይባላል፤ ማስተርድ የሚሆነው ከዚያ በኋላ በምዕራፍ ወይም በማጠቃለያ ፈተና ላይ ሲደግመው ነው። ፋሚሊያርን እንደ ማለፊያ አትቁጠሩት። አራት ጥያቄ ካለው መልመጃ ሦስቱን የመለሰ ልጅ 75 በመቶ አለው፤ ምርጫ ያለው ጥያቄ ከሆነ ደግሞ አንዱን በግምት አግኝቶት ሊሆን ይችላል። ፍንጭ ካየ ጥያቄው እንዳልተመለሰ ይቆጠራል፤ ይህን ቀድማችሁ ንገሩት።

ልጁ የትኛው ክፍል እንደሚመጥነው ለማወቅ ብዙዎች ኮርስ ቻሌንጅ የሚባለውን የማጠቃለያ ፈተና ይሰጡታል። ፈተናው 30 ጥያቄ አለው። ለሰባት ዓመት ልጅ በአንድ መቀመጫ ይህ በጣም ብዙ ነው፤ ከድካም የመጣ ስህተት ካለማወቅ ጋር ይቀላቀላል። በቀን አንድ የምዕራፍ ፈተና መስጠት የተሻለ ነው። ፈተና ላይ መሳሳት ቀድሞ ያገኘውን ደረጃ ዝቅ ስለሚያደርግበት ልጁ እንዳይደነግጥ አስቀድማችሁ አስረዱት።

የፕሮግራሙ ትልቁ ጉድለት መሳሳቱን እንጂ ለምን እንደተሳሳተ አለመናገሩ ነው። 52 ሲቀነስ 27 ተብሎ ልጁ 35 ብሎ ጻፈ እንበል። ከ2 ላይ 7 አልነሳ ሲለው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀንሷል ማለት ነው። ይህን የምታዩት ወረቀት ላይ ካሠራችሁት ብቻ ነው። መፍትሔው አንደኛ ክፍልን በሙሉ መድገም አይደለም፤ ከአንደኛ ክፍል የአሥር ቤትና የአንድ ቤት መልመጃውን ብቻ አውጡለት። አምስት የአሥር አሥር እንጨት እስርና ሁለት ነጠላ እንጨት ስጡት። አንዱን እስር ይፍታ፤ አራት እስርና 12 ነጠላ ይሆንለታል። ሁለት እስርና ሰባት ነጠላ ሲያነሳ 25 ይቀረዋል። ሦስት አራት ጥያቄ እንዲህ ከሠራ በኋላ ወደ ሁለተኛ ክፍሉ ይመለስ።

ከሌላ ሥርዓተ ትምህርት ለሚመጣ ልጅ ጌት ሬዲ የሚባሉት ኮርሶች ጠቃሚ ናቸው። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ለሚመጣው ክፍል የሚያስፈልገውን የቀደመ እውቀት ለቅመው ይዘዋል። የክፍሉን ቁጥር ግን አትመኑ። አሰላለፉ ኮመን ኮር የተባለውን የአሜሪካ መመዘኛ የተከተለ ነው፤ ማባዛትና ክፍልፋይ በዋናነት ሦስተኛ ክፍል ላይ፣ የአሥርዮሽ ቁጥር አራተኛ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ይዘቱን ከይዘት ጋር አመሳክሩ። የሁለተኛ ክፍሉ የገንዘብ ትምህርት የሚያስተምረው የአሜሪካን ሳንቲም ነው። እዚያ ባለ 5 ሳንቲሙ ከባለ 10ሩ በመጠን ስለሚበልጥ ሳንቲሞቹን አይቶ የማያውቅ ልጅ መደመር እየቻለ ይሳሳታል። የገንዘቡን ትምህርት ብትዘሉት ምንም አይጎድልበትም። ኢንችና ፉትም እንዲሁ ናቸው።

ከአንድ ትምህርት ወደ ሌላው ሲሻገር ከስክሪን ወደ ስክሪን አታሻግሩት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሂሳብ፣ ከዚያ ደብተር ላይ ጽሕፈት፣ ከዚያ ንባብ ብታደርጉት ዓይኑም ትኩረቱም ያርፋል። መልመጃ መሃል ላይ አታቋርጡት፤ አስጨርሱትና ይቀይር። የድረ ገጹ የንባብና የቃላት ኮርስ ከሁለተኛ ክፍል ይጀምራል፤ አጫጭር ምንባቦች ስለሆኑ ሙሉ መጽሐፍ ማንበብን አይተኩም።

ወደሚቀጥለው ክፍል ከማሳለፋችሁ በፊት ፕሮፊሸንት ከተባለባቸው መልመጃዎች ሦስቱን መርጣችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ በወረቀት ላይ አሠሩት። ሁለቱን ከሳተ እዚያው ክፍል ላይ ይቆይ፤ የሳታቸውን ብቻ ድገሙለት።