ቢልድሩት ወይስ ዮክቶ? ለመሣሪያችሁ የራሳችሁን ሊኑክስ ስትገነቡ

ከፒያሳ እስከ አምስት ኪሎ ባለው ሰፈር መሣሪያ የሚሠሩ ልጆች ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰውን ስርዓተ ክወና፣ ሊኑክሱን፣ በቢልድሩት እንገንባ ወይስ በዮክቶ? ሁለቱም ለአንድ መሣሪያ የሚሆን ሊኑክስ ከምንጭ ኮድ የሚገነቡ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች ናቸው፣ ለማውረድ ገንዘብ አይጠየቅባቸውም። የሚከፈለው በሰዓት፣ በዲስክና በኢንተርኔት ጥቅል ስለሆነ እኔም የምመዝናቸው በእሱ ነው።

ቢልድሩት ቶሎ ይለመዳል። ከርነል (የሊኑክስን እምብርት) አዋቅሮ የሚያውቅ ሰው ሜኑው አዲስ አይሆንበትም፤ የመሣሪያውን ቦርድና ፓኬጆቹን (የሚጨመሩትን ፕሮግራሞች) መርጦ «ሜክ» የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጥ ሜሞሪ ካርድ ላይ የሚጻፍ ኢሜጅ፣ ማለትም የሙሉ ሲስተሙ ፋይል፣ ይወጣለታል። ትንሽ ሲስተም ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ይይዛል። የሚያስቸግረው ሐሳብ ሲቀየር ነው። ከሜኑው ያወጣችሁት ፓኬጅ ከተገነባው ላይ አይጠፋም፤ ሁሉን አጽድቶ እንደገና መገንባት ይመጣል።

ዮክቶ በዚህ ይበልጠዋል፤ የተለወጠውን ለይቶ እሱን ብቻ ይገነባል። ሥራው በሌየር፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ በሚደረቡ የግንባታ መመሪያዎች፣ የተከፈለ ስለሆነ ቦርድ ብትቀይሩ የራሳችሁ ሌየር አብዛኛው እንዳለ ይቀጥላል። ግን ሰፊ ባዶ ዲስክና ብዙ ራም አዘጋጁ። ለመልመድም ሳምንታት ይፈልጋል፤ ስህተት ሲመጣ ከየትኛው ሌየር እንደመጣ መፈለጉ ጀማሪን ያደክማል።

መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ማውረዱንና መገንባቱን ለዩ። በቢልድሩት «ሜክ ሶርስ» የሚለው ትእዛዝ ኮዱን ሁሉ አስቀድሞ ያወርዳል፣ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ይገነባል። ዮክቶም የማውረዱን ሥራ ብቻ አስቀድሞ መጨረስ ይችላል። የወረደውን ማህደር ለቡድኑ በሙሉ አጋሩ፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው ለምን ደግሞ ያወርዳል?

አንድ ክሊኒክ ውስጥ የተከልኩት የተራ ቁጥር ማሳያ፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ፣ ካርዱ ተበላሽቶ አልነሳም ብሎኝ ያውቃል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሲስተሙ ያለበትን ክፍል እንዲጻፍበት ክፍት ትቼዋለሁ። ዛሬ ያንን ክፍል በስኳሽኤፍኤስ፣ በተጨመቀና በማይጻፍበት የፋይል ሲስተም፣ ለንባብ ብቻ አድርጌ፣ ዳታውን ለብቻው አስቀምጣለሁ። ይህን ሁለቱም ይችላሉ። የግዕዝ ፊደል ፎንትም ራሳችሁ ጨምሩ፣ አለዚያ ስክሪኑ ላይ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚታየው።

በድጋፍ ዕድሜ ረገድ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 የወጣው ዮክቶ 5.0 የአራት ዓመት ድጋፍ አለው። ቢልድሩት ከ2025.02 እትም ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ለሚደገፈው እትሙ ሦስት ዓመት ይሰጣል።

ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ አንድ ቦርድ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ያለ ማመንታት ቢልድሩትን ያዙ። ምርታችሁ በተለያዩ ቦርዶች የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም የቺፑ አምራች ድጋፉን የሚሰጠው በዮክቶ ሌየር ከሆነ፣ ድካሙን ችላችሁ ዮክቶን ተማሩ። የምትሠሩት ራውተር ከሆነ ግን ሁለቱንም ተዉና ለራውተር የተዘጋጀውን ሊኑክስ፣ ኦፕንደብሊውአርቲን (OpenWrt)፣ አውርዱ።