ከአገልግሎት ውል የሥራ ትዕዛዝ ራሱ የሚያወጣ ሶፍትዌር፦ ከአንድ የቡና ወቅት በኋላ

ጅማና ዙሪያዋ ጀነሬተርና የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን በውል ለሚጠግን ድርጅት የዚህ ሶፍትዌር ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ውሉ አንዴ ከተመዘገበ ማንም ሳያስታውሰው የሥራ ትዕዛዙን ያወጣል። በዚህ አይታማም። የሚያስቸግረው ቀን አቆጣጠሩ ነው።

የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው። ከመስከረም 1 ቀን 2018 ተነስቶ «በየ3 ወሩ» ሲባል ታኅሣሥ 2፣ መጋቢት 2 እና ሰኔ 4 ላይ ይጥለዋል፤ ውሉ የሚለው ግን ወር በገባ በ1 ነው። «በየ90 ቀኑ» ብሎ መሙላት እስከ ሰኔ ያስተካክለዋል። ቀጣዩ ዙር ግን ጳጉሜን 1 ላይ ስለሚያርፍ ውሉ ሲታደስ መነሻ ቀኑን እንደገና መጻፍ ግድ ነው። ሰዓቱም ያው ነው፤ «2፡00» ብሎ የሞላ ሰው ቴክኒሻኑን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይቀጥረዋል።

ከሁሉ በፊት የሚወሰነው ግን ቀጣዩ ቀን ከምን እንደሚቆጠር ነው፤ ከታቀደው ቀን ወይስ ሥራው ከተዘጋበት? ለመፈልፈያ ከታቀደው ቀን ይሁን። የኩሽኔታና የቺንጊያ ፍተሻ መስከረም ውስጥ ካላለቀ ጥቅምት ላይ እሸት መግባት ይጀምራል፤ ያኔ ማሽኑን ለጥገና የሚያቆም ባለቤት አይገኝም። ለጀነሬተር ዘይት ከተዘጋበት ቀን ይሻላል፤ አለዚያ በየ90 ቀኑ ለሚቀየር ዘይት በ20 ቀን የዘገየ ቅያሪ ቀጣዩን በ70 ቀን ያመጣዋል። ያም ሆኖ በየ250 ሰዓቱ ለሚቀየር ዘይት ቀን ብቻውን አይበቃም፤ መብራት ሲቆራረጥ በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ጀነሬተር ይህን በ32 ቀን ይሞላዋል። ሶፍትዌሩ የጀነሬተሩን የሰዓት ቆጣሪ ንባብ ማስገቢያ አለው፤ ንባቡን በየሳምንቱ የሚልክ ኦፕሬተር ከሌለ ግን ዋጋ የለውም።

የ3 ወር፣ የ6 ወርና የዓመት ሥራ አንድ ቀን ላይ ሲገጥሙ ለአንድ ማሽን 3 ትዕዛዝ ይወጣል፤ ፊልትሮም ከስቶር 3 ጊዜ ይያዛል። ትልቁ ሥራ ትንሹን እንዲተካ የሚያደርገው ምርጫ ሶፍትዌሩ ሲጫን ተዘግቶ ስለሚመጣ መከፈት አለበት።

ዕቃ ከአዲስ አበባ ለሚያስመጣ ትዕዛዙ 14 ቀን ቀድሞ ቢወጣ ይበቃል፤ 30 ከተደረገ ክፍት ትዕዛዝ ይከማቻል። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰርቨር ሌሊት መብራት ከጠፋበት የዚያን ሌሊት ትዕዛዝ ይዘለዋል፤ ጠዋት በእጅ ማስኬድ ያስፈልጋል። የውሉ ማብቂያ ቀንም ባዶ ከተተወ ሶፍትዌሩ ላልታደሰ ውል ቴክኒሻን አጌሮ ድረስ በነፃ ይልካል።