ፕላዝማ ላይ ቀለምን በራስ እጅ ማስተካከል፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ስለ ኮምፒውተር ቀለም ሲወራ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው “ዳርክ ሞድ አለው ወይ?” ብሎ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰሌክት ያደረግኩት ጽሑፍ ይነበባል ወይ? የደበዘዘው ጽሑፍ ላይ “ቡ” ከ“ቢ” ይለያል ወይ? ከጠዋት እስከ ማታ ስክሪን ላይ ለሚያፈጥ ሰው ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው።

የምሠራው ጅማ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም በማይርቅ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት። የመመረቂያ ጽሑፍ እንተይባለን፣ ባነር እንሠራለን፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ማመልከቻ እንጽፋለን። ካለፈው ክረምት ወዲህ ላፕቶፔ ላይ ያለው ኩቡንቱ 24.04 የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ነው። ከነዴስክቶፑ፣ ማለትም መስኮቶቹንና ገጽታውን ከሚያሳየው ከኬዲኢ ፕላዝማ 5.27 ጋር። አዲሱ ፕላዝማ 6 እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ወጥቷል። ኩቡንቱ 24.04 ግን የያዘው የአምስተኛውን ትውልድ የመጨረሻ እትም ነው፤ እሱም የ2023 ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ የዘመኑን የመጨረሻ ነገር አይመለከትም። ብዙ ሰው ዛሬም በየማሽኑ ላይ የሚያገኘውን ነው የሚመለከተው።

ፕላዝማን የወደድኩበትን ምክንያት በደንብ ላስረዳ። ሌሎች ዴስክቶፖች ላይ የሚሰጥህ ምርጫ ባብዛኛው ነጭ ወይም ጥቁር፣ ከዚያ አንድ ማድመቂያ ቀለም ነው። እዚህ ግን ቀለም የሚመደበው በሥራ ድርሻ ነው። ጽሑፍና ዝርዝር የሚታይበት ቦታ የራሱ ቀለሞች አሉት። የመስኮቱ አካል የራሱ፣ አዝራር የራሱ፣ ሰሌክት የተደረገ ነገር የራሱ፣ ማውሱን ስታስጠጋ ብቅ የሚለው ማብራሪያም የራሱ። በእያንዳንዱ ውስጥ ደግሞ መደበኛ ጽሑፍ፣ ደብዛዛ ጽሑፍ፣ ሊንክ፣ የስህተት፣ የማስጠንቀቂያና የ“ተሳክቷል” ቀለም ለየብቻ ተቀምጠዋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ፣ ገጽታ የሚለውን፣ ከዚያ ቀለሞች የሚለውን ትከፍታለህ። ከስኪሙ (ከቀለም ስብስቡ) ሥዕል ላይ ያለችውን የእርሳስ ምልክት ስትነካ ሁሉም ፊትህ ይዘረገፋል።

መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ግን አንዴ ከገባህ በኋላ፣ አንድ ፕሮግራም ላይ የማይመችህን ነገር ስታይ የትኛው ድርሻ እንደሆነ ወዲያው ታውቀዋለህ። ትሄዳለህ፣ ታስተካክላለህ፣ በሁሉም የኬዲኢ ፕሮግራሞች ላይ አንድ ላይ ይቀየራል።

አብሮት የሚመጣው ብሪዝ ላይት የተባለው ስኪም ያምራል፤ ዓይን አያስቸግርም። ችግሩ ኮንትራስቱን ስታሰላ ነው የሚመጣው። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ለተራ መጠን ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የድምቀት ልዩነት ይጠይቃል። ብሪዝ ላይት ላይ ሰሌክት የተደረገ ጽሑፍ ነጭ ሆኖ 61፣174፣233 (የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን) በሆነ ሰማያዊ ላይ ነው የሚያርፈው። ይህ ሲሰላ ወደ 2.5 ለ 1 ገደማ ነው። ደብዛዛው ጽሑፍ 112፣125፣138 የሆነ ግራጫ ነው። በነጭ ላይ 4.2 አካባቢ ይደርሳል፤ ግራጫማው የመስኮት አካል ላይ ሲያርፍ ደግሞ ወደ 3.7 ይወርዳል።

ለላቲን ፊደል ይህ ብዙም ላይሰማ ይችላል። ለእኛ ፊደል ግን ይሰማል። “ቡ” እና “ቢ” የሚለዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ ወገቡ ላይ፣ አንዱ እግሩ ሥር። “ቤ” ደግሞ እዚያው እግሩ ሥር ቀለበት አለው። በትንሽ ፎንት፣ በደካማ ኮንትራስት ላይ እነዚህ ሦስቱ አንድ ይሆናሉ። ሥራዬ ላይ በየቀኑ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ፋይል ስም ልቀይር ኤፍ 2 ስጫን ስሙ ሙሉ በሙሉ ሰሌክት ይሆናል፤ ነጭ በውሃ ሰማያዊ። ሁለት ተማሪ ተመሳሳይ ርዕስ ይዞ ሲመጣ፣ የፋይሉን ስም በትክክል ማንበብ የሰው የዓመት ልፋት ከሌላ ሰው ሥራ ጋር እንዳይቀላቀል መጠበቅ ማለት ነው።

ስለዚህ የራሴን ስኪም አበጀሁ። መነሻው ያው ብሪዝ ላይት ነው። የሰሌክት ቀለሙን 20፣90፣60 አደረግኩት፣ ጠቆር ያለ የቡና ቅጠል አረንጓዴ። ነጭ ጽሑፍ እሱ ላይ ሲያርፍ ከ8 ለ 1 በላይ ነው። ደብዛዛውን ጽሑፍ 80፣90፣100 አደረግኩት፤ በነጭ ላይ 7 ለ 1 ገደማ ሆነ። ከዚያ ለጊዜው የማይሠሩ ትእዛዞች የሚደበዝዙበት መጠን አለ። እሱ ራሱን የቻለ ገጽ አለው። ፋይሉ ውስጥ 0.65 ነበር፤ እኔ ወደ 0.4 አወረድኩት። አሁንም የማይነካ ትእዛዝ መሆኑ ያስታውቃል፤ ስሙ ግን ይነበባል። ፎንቱን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አድርጌ መጠኑን 11 ላይ ተውኩት። ይህ ብቻውን የሥራ ቀኔን ቀይሮታል ብል አላጋነንኩም። ማታ ቤት ስገባ ዓይኔ እንደ ድሮው አይቆጠቁጠኝም።

አንድ ነገር በጣም ደስ ይለኛል፦ ስኪሙ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ኬት በተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ከፍተህ ቁጥሮቹን ማየት ትችላለህ። በጣም ትንሽ ስለሆነ ቴሌግራም ላይ ለባልደረባ ትልከዋለህ፤ ዳታ አይበላም። እሱ “ከፋይል ጫን” የሚለውን ይነካል፣ አለቀ። እኛ ቤት ያሉት ማሽኖች፣ ከአንዱ በቀር፣ አሁን አንድ ዓይነት ቀለም ነው ያላቸው። ማንም ከማንም ወንበር ላይ ቢቀመጥ አይደናገርም።

ከኢንተርኔት የሚወርዱትንም ሞክሬያለሁ። እዚያው ሴቲንጉ ውስጥ አዲስ ስኪም ማውረጃ አለ። ብዙዎቹ ለዓይን የሚያምሩ፣ ለሥራ የማይበቁ ናቸው። ሐምራዊ በሐምራዊ፣ ግራጫ በግራጫ። ከከለር ስኪም ውጭ ሌላ ነገር ስታወርድ ግን ጠንቀቅ በል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አንድ ተጠቃሚ ከዚያው መደብር ሙሉውን ገጽታ የሚቀይር ግሎባል ቲም ጭኖ ፋይሎቹ ተሰርዘውበታል። ኬዲኢም ግሎባል ቲም ውስጥ የሚሮጥ ኮድ ሊኖር እንደሚችል ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከለር ስኪም ግን የቀለም ቁጥር ብቻ ነው። እኔ የማወርደው እሱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዳርክ ሞድ። ብሪዝ ዳርክ በደንብ የተሠራ ነው። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ቀኑም እንደ ማታ ሲሆን፣ እሱን እመርጣለሁ። በጋ ላይ፣ የበሩ ብርሃን ፊት ለፊት ሲገባ ግን ጥቁር ስክሪን መስታወት ይሆንና የራስህን ፊት ነው የምታየው። ያኔ ነጩ ይሻላል። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚለው ነገር አለ፦ መብራት ሲጠፋ ዳርክ ሞድ ባትሪ ይቆጥባል ይባላል። እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ በሚበራበት ኦሌድ ስክሪን ላይ እውነት ነው። ተራው የላፕቶፕ ኤልሲዲ ላይ ግን ከኋላ ያለው መብራት ጥቁር ቀለም ሲታይም ይበራል። እኔ መብራት ሲሄድ ቀለሙን አልነካም፤ የስክሪኑን ብርሃን ነው የምቀንሰው። እሱ ነው ልዩነት የሚያመጣው።

ዳርክ ላይ ትልቁ ራስ ምታት የጽሕፈት ፕሮግራሙ ሊብሬኦፊስ ነው። ገጽታው ሲጠቁር ወረቀቱም አብሮ ይጠቁራል። “አውቶማቲክ” የሆነ ጽሑፍ በራሱ ነጭ ይሆናል። ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የመጣና “ጥቁር” ተብሎ የታዘዘ ጽሑፍ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ጥቁር በጥቁር። አንድ ቀን ተማሪ ፍላሿን ሰጠችኝና ፋይሉን ከፈትኩላት። ከኋላዬ ቆማ ታያለች። ምዕራፍ አንድ አለ፤ ምዕራፍ ሁለት ባዶ ነው፣ ርዕሱና ሠንጠረዡ ብቻ።

“ጋሼ፣ ጽሑፌስ?” አለች። ድምጿ ተቀየረ።

“አይዞሽ፣ አልጠፋም፣ ቀለም ነው” አልኳት። ሁሉንም ሰሌክት ሳደርገው በሰሌክቱ ቀለም ላይ ፊደሎቹ ብቅ አሉ። በረጅሙ ተነፈሰች።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ማንም አይነግርህም። ሊብሬኦፊስ ውስጥ ቱልስ፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አፕሊኬሽን ከለርስ ትገባለህ። ዶክዩመንት ባክግራውንድ የሚለውን ከአውቶማቲክ አውጥተህ ነጭ ታደርገዋለህ። መስኮቱ ጥቁር፣ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሰው ጽሑፍ የምታዘጋጅ ከሆነ ዳርክ ሞድ ከማብራትህ በፊት ይህን አድርግ።

ሌላው ድክመት ሁሉም ፕሮግራም ለፕላዝማ እኩል አለመታዘዙ ነው። የኬዲኢዎቹ ወዲያው ይቀየራሉ። ጂቲኬ በሚባለው ሌላ የፕሮግራም መሥሪያ የተሠሩት ባብዛኛው ይከተላሉ፣ አንዳንዴ ዘግተህ መክፈት ይጠይቃሉ። በስናፕና በፍላትፓክ፣ ማለትም ራሳቸውን በቻሉ ጥቅሎች፣ የሚጫኑት ግን የራሳቸውን መንገድ የሚሄዱበት ጊዜ አለ። ጥቁሩን ይቀበሉና የራስህን አረንጓዴ ይተዉታል። እኔ እንደዚያ የሚያደርጉትን በተቻለኝ መጠን በተራው የዴብ ፓኬጅ ተክቻለሁ። ይህ ግን ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር አይደለም፣ ማድረግም አልነበረበትም።

የባነር ሥራ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ባይኖረው ነው የሚሻለው። ዓይን አንድን ቀለም የሚመዝነው በዙሪያው ካለው ጋር እያስተያየ ነው። ያው የቀላ የቡና ፍሬ በጥቁር ዙሪያ ፈካ ብሎ፣ በነጭ ዙሪያ ጠቆር ብሎ ይታያል። ለቡና ነጋዴዎች ባነር ስሠራ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ደንበኛው የራሱን ቡና ያውቃል። ስለዚህ የፎቶ ማስተካከያው ጊምፕ 2.10 ላይ ከሲስተሙ ቀለም አውጥቼ ግሬይ የሚለውን ቲም ሰጥቼዋለሁ። የሥዕል ፕሮግራሙ ክሪታም የራሱ ቲሞች (ገጽታዎች) አሉት፤ እዚያም ምንም ቀለም የሌለውን መካከለኛ ግራጫ ነው የምይዘው። ፕላዝማ ይህን አይከለክልም። እንዲያውም አንዳንድ የኬዲኢ ፕሮግራሞች ከሜኑአቸው ላይ ለብቻቸው ስኪም እንድትሰጣቸው ይፈቅዳሉ።

ናይት ከለር የሚባለው፣ ማታ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚያሞቀው፣ በራሱ 4500 ኬልቪን ላይ ነው የሚመጣው። ቦታውን በእጅ አስገባሁለት፤ ኬክሮስ 7.67፣ ኬንትሮስ 36.83። እዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ስለምትጠልቅ ብዙ አይዋዥቅም። ጥሩ ነው። ቀለም የሚመዘንበት ሥራ ላይ ግን አጥፋው፤ ያለዚያ ነጩ ሁሉ ክሬም ሆኖ ይታይሃል።

ስለ አንድ ባልደረባዬ ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። ቀይና አረንጓዴ በደንብ አይለይም። አንድ ነገር ሲሳካና ሲከሽፍ ፕሮግራሙ የሚያወጣው አረንጓዴና ቀይ መስመር ለእሱ አንድ ነው፤ መልእክቱን ቆሞ ማንበብ ነበረበት። የእሱ ማሽን ላይ ያለውን ስኪም ለየሁት። የ“ተሳክቷል”ን ቀለም ወደ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ የስህተቱን ወደ ጥቁር ብርቱካናማ ቀየርኩለት። አብሮ የሚመጣውን ብርቱካን እንዳለ አልወሰድኩትም፤ በነጭ ላይ 2.8 ለ 1 ብቻ ስለሆነ አጠቆርኩት። አሁን ከሩቅ ሆኖ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ነገር በሁለት ቁጥር የሚስተካከልበት ሌላ ዴስክቶፕ እስካሁን አልተጠቀምኩም።

5.27 ላይ የሚጎድለኝ ቀን ነጩን፣ ማታ ጥቁሩን በራሱ የሚቀያይር ነገር ነው። ይህ የመጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 በወጣው ፕላዝማ 6.5 ነው። እስከዚያው በፕላዝማ አፕላይ ከለርስኪም ትእዛዝ እየተጠቀምኩ ነው። ትእዛዙን በአቋራጭ ቁልፍ አስሬዋለሁ፤ አንዱ ቁልፍ የእኔን ነጭ ያመጣል፣ አንዱ ብሪዝ ዳርክን። የኩቡንቱ 24.04 ድጋፍ እስከ ሚያዝያ 2027 እ.ኤ.አ. ስለሚቆይ አልቸኩልም። ማሽኖቹን ሳሳድግ የምይዘው ያችን ትንሽ የቀለም ፋይል ነው። አዲሱ ላይ ከጫንኩ በኋላ ኤፍ 2 ተጭኜ፣ “ቡ”፣ “ቢ”፣ “ቤ” ያለበት አንድ የፋይል ስም ሰሌክት አድርጌ አያለሁ።