ለሐር ክር የሚሆነው የኤቲአር ክሪስታል፦ አልማዝ፣ ጀርማኒየም ወይስ ዚንክ ሴሌናይድ?

የሐርን ፕሮቲን አወቃቀር በኢንፍራሬድ ለማጥናት ኤፍቲአይአር (ናሙና የትኛውን የኢንፍራሬድ ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካ መሣሪያ) የሚገዛ ላቦራቶሪ ከዋናው መሣሪያ ይልቅ ክሩ ስለሚጫንበት ክሪስታል ቢጨነቅ ይሻለዋል፤ በኤቲአር ዘዴ ብርሃኑ በክሪስታሉ በኩል መጥቶ የሚነካው የናሙናውን ገጽ ብቻ ነው። ለክር ምርጫችን አልማዝ ነው።

የሐር ክር ጠፍጣፋ አይደለም፤ በደንብ ካልተጫነ ከክሪስታሉ ጋር መሃል አየር ይቀርና የአሚድ 1 ጉብታ (የፕሮቲን ዋናው የኢንፍራሬድ ምልክት) ያንሳል። ክሮቹን ሰብሰብ አድርጎ፣ የጉብታው ከፍታ ማደጉን እስኪያቆም መጫን ያስፈልጋል። አልማዝ ይህን ጫና ይችላል። ዚንክ ሴሌናይድ ይቧጨራል፤ ጀርማኒየም ደግሞ ይሰነጠቃል።

ጀርማኒየም ግን አንድ ብልጫ አለው። በ1650 ሴሜ⁻¹ (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉ የብርሃን ሞገዶች ብዛት) እና በ45 ዲግሪ ብርሃኑ በአልማዝም ሆነ በዚንክ ሴሌናይድ በኩል ወደ ክሩ 1.2 ማይክሮሜትር ገደማ ሲዘልቅ፣ በጀርማኒየም የሚገባው 0.4 ገደማ ብቻ ነው። ምልክቱ ይደክማል፤ በምትኩ ጉብታው ከቦታው ብዙም አይንሸራተትም። በአልማዝ የአሚድ 1 ጫፍ ብርሃን ናሙናውን አቋርጦ በሚያልፍበት በአስተላላፊ ዘዴ ከሚገኘው ጥቂት ሴሜ⁻¹ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ፣ ሁለቱን ሳያርሙ ማወዳደር የቤታ ሺትን (የፕሮቲን ሰንሰለቶች ጎን ለጎን የተደረደሩበት ቅርጽ) መጠን ያሳስታል። የቤታ ሺት ጉብታ የሚፈለገው በ1620 አካባቢ ነው።

ሴሪሲኑ (ክሩን የሚሸፍነው ሙጫ መሰል ፕሮቲን) ያልተወገደለት ክር ላይ ሦስቱም በዋናነት የሚያሳዩት ሽፋኑን ነው። በ0.02 ሞላር ሶዲየም ካርቦኔት 30 ደቂቃ ቀቅሉት፣ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ከዚያ በደንብ ይድረቅ፤ የውሃ ጉብታ 1640 አካባቢ ስለሚያርፍ እርጥብ ክር የተዘበራረቀ ፕሮቲን ይመስላል። ካርቦኔቱ ካልታጠበም አልካላይ ነውና ዚንክ ሴሌናይድን ይጎዳል፤ እሱ የሚችለው ከፒኤች 5 እስከ 9 ያለውን ብቻ ነው። ሐሩን በፎርሚክ አሲድ የምታሟሙ ከሆነ ጭራሹን አትግዙት፤ አሲድ ሲነካው መርዛማ ሃይድሮጅን ሴሌናይድ ሊያወጣ ይችላል። ዋጋው ረከስ ስለሚል ለገለልተኛ የፋይብሮይን (የሐሩ ዋና ፕሮቲን) መፍትሔና ለስስ ፊልም ይሆናል።

አልማዝ ከ1800 እስከ 2650 ሴሜ⁻¹ ድረስ ራሱ ብርሃን ይውጣል፤ ለሐር የሚፈለገው ከ1700 በታች ስለሆነ ችግር የለውም። ከሥሩ ዚንክ ሴሌናይድ የተደገፈው ርካሽ ዓይነትም ይበቃል፤ ለሙሉ አልማዝ ተጨማሪ አትክፈሉ። ፈሳሽ ናይትሮጅን ለሚጠይቅ ዳሳሽም እንዲሁ፦ በክፍል ሙቀት የሚሠራው ዲቲጂኤስ ዳሳሽ፣ 4 ሴሜ⁻¹ ጥራትና 64 ቅኝት ለክር ይበቃሉ።

የተረፈውን ገንዘብ በደረቅ አየር ማስነፊያ ላይ አውሉት። የውሃ እንፋሎት ሹል መስመሮች ከ1400 እስከ 1900 ድረስ ተዘርግተው አሚድ 1 ላይ ያርፋሉ፤ ተደራራቢ ጉብታዎችን ለመለየት ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ (የመስመሩን ጥምዝነት የሚያሰላ ስሌት) ሲወሰድ እንደ እውነተኛ የፕሮቲን ጉብታ ጎልተው ይወጣሉ።