ጎንደር ላይ የተሰጠው የዴክሳ ሥልጠና፦ እጅ ያፍታታል፣ ስሌቱን ይዘላል

ለራዲዮግራፈሮችና ለነርሶች የተዘጋጀው ይህ የዴክሳ (በኤክስሬይ የሚደረግ የአጥንት ጥግግት ምርመራ) ሥልጠና አብዛኛውን ሰዓት ያዋለው ስላይድ ላይ ሳይሆን ማሽኑ አጠገብ ነው። ተገቢ ነው፤ በዴክሳ ውጤት የሚበላሸው በብዛት ታካሚው ሲተኛ ነውና።

በደንብ የተሠራበት ዳሌ ነው። እግር ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ወደ ውስጥ ካልዞረ የጭን አጥንት አንገት አጥሮ ይታያል፤ ጥግግቱም ከእውነተኛው በላይ ይነበባል። ማረጋገጫው ምስሉ ነው፦ ከጭኑ ውስጠኛ ጎን ያለችው ትንሿ ጉብታ በጉልህ ከወጣች እግሩ አልዞረም፣ ይደገማል። መዞር ያለበት ከዳሌ ጀምሮ ሙሉው እግር ነው፤ ሠልጣኞች ግን ጣቱን ብቻ አዙረው ያስራሉ።

ወገብ ላይ ከኤል1 እስከ ኤል4 ያሉት አራት አከርካሪዎች ይለካሉ። የተሰበረ አከርካሪ ጥግግቱን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ከስሌቱ ይወጣል። ቢያንስ ሁለት ጤነኛ ካልቀረ ወገቡ ይተዋል፣ ክንድ ይለካል።

የአገሩን ነገር አለመርሳታቸው ያስመሰግናል። መቀነት ላይ የተቋጠረ ሳንቲም የሚያርፈው ልክ የሚለካው ቦታ ላይ ነው፤ «እናቴ፣ መቀነትዎን ይፍቱልኝ» ማለት የሥራው አካል ነው። የትውልድ ዘመንም አለ፦ በእኛ አቆጣጠር 1950 የተወለደችን ሴት ሳይቀይሩ 1950 ብሎ ማስገባት 7 ወይም 8 ዓመት ያስረጃታል። ከውጤቶቹ አንዱ ቲ-ስኮር ጥግግቷን ከጤነኛ ወጣት ጋር ስለሚያነጻጽር አይነካም። ሌላው፣ ዜድ-ስኮር፣ ግን የሚያነጻጽራት ከዕድሜ እኩዮቿ ጋር ስለሆነ ከሚገባው በላይ ጥሩ ሆኖ ይወጣል።

የሥልጠናው ድክመት ልኬት ሲደገም በሚመጣው ልዩነት ላይ ነው። ፋንተሙን (ማሽኑ የሚፈተሽበትን ሰው ሠራሽ ናሙና) በየጠዋቱ መለካት ተነግሯል፤ የባለሙያውን የራሱን ስህተት ማስላት ግን በችኮላ ታለፈ። እያንዳንዱ ባለሙያ 30 ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ወይም 15 ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ ይለካል፤ በየመሃሉ ታካሚው ከአልጋው ወርዶ እንደገና ይተኛል። የተገኘው ስህተት በ2.77 ሲባዛ እውነተኛ ለውጥ የሚባለው ትንሹ መጠን ይታወቃል። ለወገብ የሚፈቀደው ከፍተኛው ስህተት 1.9 በመቶ ነው፤ ሲባዛ 5.3 በመቶ ገደማ። እንግዲህ ከዓመት በኋላ 3 በመቶ የቀነሰ ወገብ «መድኃኒቱ አልሠራም» ያሰኛል? አያሰኝም። ይህን ሳያውቅ የሚመለስ ሠልጣኝ የአጥንት መሳሳት መኖሩን ይለያል እንጂ ሕክምናውን መከታተል አይችልም።

አዲስ አበባ በሌላ ማሽን የተነሣ ውጤት ከዚህኛው ጋር በቀጥታ እንደማይነጻጸርም የሠለጠነው ሁሉ ሊሰማው ሲገባ፣ የተነገረው ጠያቂ ስለተገኘ ብቻ ነው።