ገላን ያለው ድንጋይ ቆራጭ፦ ናሙና ማስቆረጥ ለምትፈልጉ

ጥንት ባሕር ውስጥ ስለነበረው ኦክስጅን ለምሠራው የመመረቂያ ጥናት 14 የኖራ ድንጋይ ናሙና ከአባይ በረሃ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ከሚወርደው መንገድ ዳር የተነሱ ናቸው። የምንጠቀምበት የድንጋይ መቁረጫ ማሽን ስለተበላሸ ገላን፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ አንድ እምነበረድ ቤት ወሰድኳቸው። ቤቱ የደረጃ ንጣፍና የመስኮት ደፍ ነው የሚሠራው። ናሙና ቆርጠው አያውቁም።

እኔን ያስጨነቀኝ ውሃው ነበር። ዲስኩ እንዳይግል ውሃ ይፈስበታል፣ ያው ውሃ ከገንዳው እየተሳበ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ግራናይት ሲቆርጡ ስለዋሉ ገንዳው ግራጫ ጭቃ ሆኗል። ግራናይት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከኖራ ድንጋይ የበለጠ ዩራኒየም አለው፤ እኔ የምፈልገው ዩራኒየሙን ነው።

ለምን መሰላችሁ? ዩራኒየም 238 እና 235 የሚባሉ አይሶቶፖች፣ ማለትም ክብደታቸው ብቻ የሚለያይ የዩራኒየም ዓይነቶች፣ አሉት። ባሕር ውስጥ ኦክስጅን ካለ ዩራኒየሙ ሟሙቶ ይኖራል። ኦክስጅን ሲጠፋ ግን ወደማይሟሟ መልክ ይለወጥና ወለሉ ላይ ያለው ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤ ያኔ ከባዱ 238 ይበልጥ ወደ ጭቃው ያደላል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ የሚተርፈው ቀለል ያለ ይሆናል፣ ከዚያ ውሃ የተሠራው የኖራ ድንጋይም ያንኑ ይዞ ይቀመጣል። በጣም የምወደው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ዩራኒየም ባሕር ውስጥ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ዓመት ይቆያል፣ ውቅያኖሱ ግን በ1,000 ዓመት ገደማ ይደባለቃል፣ ስለዚህ ከአንድ ገደል የተነሳ ድንጋይ የመላውን ዓለም ባሕር ሁኔታ ሊነግረን ይችላል። ልዩነቱ ግን እጅግ ትንሽ ነው። የዛሬ 252 ሚሊዮን ዓመት አብዛኛው የባሕር ፍጥረት ባለቀበት ጊዜ እንኳ ድንጋዩ ላይ የታየው ለውጥ ከሺህ 0.3 አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ ነገር ላይ የግራናይት ጭቃ አይታሰብም።

ይህን ለባለቤቱ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ በንጹህ ውሃ ቢቆረጥልኝ» አልኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና ገንዳውን አስደፉ፣ ዲስኩን አሳጠቡ፣ ከሮቶው አዲስ ውሃ አስሞሉ። ለዚህ ተጨማሪ አልጠየቁም። ሂሳቡ በአንድ ቁርጥ 150 ብር ነው።

ቆራጩ ወጣት ልጅ ነው፣ እጁ የተባረከ። ሦስተኛውን ድንጋይ ሲይዝ ቆም አለና «እህቴ፣ ይሄ ነጩ መስመር ይካተት?» አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያ መስመር ድንጋዩ ከተሰነጠቀ በኋላ የገባ ውሃ የሞላው ካልሳይት የሚባል ማዕድን ነው፣ ስለ ጥንቱ ባሕር አይነግረንም። ርቆ ቆረጠልኝ። ከዚያ የተቆረጠውን ፊት በአውራ ጣቱ አርሶ ሲያብሰው የዛጎል ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ወጣ። የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ያ ገደል ባሕር እንደነበር ስነግረው ማሽኑን አጥፍቶ ሌሎቹን ልጆች ጠራ።

ቅሬታዬ አንድ ነው፣ ግን ከባድ ነው። መብራት ስለጠፋ አምስቱን ትቼላቸው ሄድኩ፣ በማግስቱ ስመለስ ሁሉንም አንድ ጆንያ ውስጥ ከተዋቸዋል። በማርከር የጻፍኩት ቁጥር በውሃው ታጥቦ ጠፍቷል። እኔ ጋ ቅደም ተከተል ማለት ዕድሜ ነው፤ የታችኛው ድንጋይ ይቀድማል፣ የላይኛው ይከተላል፣ ከተቀያየረ ኦክስጅኑ ጨመረ ይሁን ቀነሰ ማወቅ አይቻልም። ነግሬያቸው ነበር፣ ማታ የተረከበው ልጅ ግን አልሰማም። ደግነቱ ቅሪቱን አልጣሉትም። መሬት ላይ ተቀምጠን ቁራጩን ከቅሪቱ ጋር እየገጠምን፣ ስልኬ ላይ ካለው ፎቶ ጋር እያስተያየን አራቱን ለየን። አንዱን እርግጠኛ ስላልሆንኩ ከጥናቱ አወጣሁት፣ ለእሱ እንደገና አባይ በረሃ እወርዳለሁ።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ግራናይት ሳይጀምሩ። ለእያንዳንዱ ናሙና የራሱን ፌስታል ያዙ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ውስጡ ክተቱ፣ እስኪያልቅም ከአጠገቡ አትነሱ። እኔም የቀረችውን ናሙና የማስቆርጠው እዚያው ነው።