ለደሴዋ የፊዚክስ አስጠኚ ምስጋናዬ

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤት ለቤት ፊዚክስ የምታስጠና አንዲት መምህርት አለች። የ12ኛ ክፍል ልጄ ሞመንተም (መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው) ላይ ቀመሩን በቃሏ ትወጣው ነበር፣ ጥያቄ ሲቀርብላት ግን እስክሪብቶዋ ይቆም ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይደለችም።

መምህርቷ ሥዕል ሳይሣል ቁጥር አታስነካም። "በፊት" እና "በኋላ" የሚሉ ሁለት ሥዕሎች ይሣላሉ። የቱ አቅጣጫ ፖዘቲቭ እንደሚሆን ልጅቷ ራሷ ትወስናለች። ቀጥሎ "ከውጭ የሚገፋ ኃይል አለ?" ትላታለች። ከሌለ የሁለቱ ሥዕሎች ጠቅላላ ሞመንተም እኩል ነው።

ጥያቄዎቿ ከአካባቢያችን ናቸው። ሐይቅ ላይ 100 ኪሎ ጀልባ ቆሟል፤ 50 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በሰከንድ 2 ሜትር ወደ ዳር ዘለለ። መጀመሪያ ሁለቱም ቆመው ስለነበር ድምሩ ዜሮ ነው። ስለዚህ ጀልባው በሰከንድ 1 ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። ልጄ "1" ብላ ስትጽፍ "አቅጣጫውስ?" አለቻት። ማይነሷ ገባች።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የአይሱዙው ነው። 6,000 ኪሎ የሚመዝን አይሱዙ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ በሰከንድ 10 ሜትር እየሄደ፣ የቆመ 4,000 ኪሎ መኪና ገጨ እንበል። ተጣብቀው ሄዱ። ፍጥነታቸው ስንት ነው? ልጄ በካይኔቲክ ኢነርጂ (በእንቅስቃሴ ጉልበት) ልሥራው አለች፤ 7.7 ገደማ መጣላት። መምህርቷ "አብሽሪ፣ በሞመንተምም ሞክሪው" አለቻት። 60,000 ለ10,000 ሲካፈል 6 ሆነ። ከዚያ ኢነርጂውን አሠራቻት፦ ከግጭቱ በፊት 300,000 ጁል፣ በኋላ 180,000። "120,000ው የት ገባ?" አለቻት። ልጄ ዝም ብላ ቆየችና "ብረቱን ያጨማደደው እሱ ነዋ!" አለች። አዎ፣ ሙቀትና ድምፅም የሆነ አለ። ሲጣበቁ በሞመንተም መሥራት እንዳለባት ከዚያ ወዲህ ማንም አያስታውሳትም።

ሾርትከት ብቻ ለሚፈልግ ተማሪ መምህርቷ አትመችም፤ ቀስ ትላለች። ለኢንትራንስ ጊዜ ያለው ልጅ ግን አሁኑኑ ይጀምር። ክፍያዋም የሚቻል ነው።

መምህርት፣ ድካምሽን አላህ ይቁጠርልሽ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ስልኳን የምትፈልጉ ወላጆች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዳልኛለች። ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ስለሚሞላባት አትዘግዩ።